ያመኑትን ለሌላው መናገር፦ ከጸሎት እስከ ጥምቀት፣ ደረጃ በደረጃ

ብዙ አማኝ «ወንጌል መመስከር» ሲባል ሞንታርቦና መድረክ ይታየዋል፤ አለዚያም ሻንጣውን ሸክፎ ወደማያውቀው አገር የሚሄድ ሚሲዮናዊ። ስለዚህ «ይሄ የእኔ ጸጋ አይደለም» ብሎ ነገሩን ለወንጌላውያንና ለመጋቢዎች ይተወዋል። እኔ ግን በክርስትና ሕይወት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚያስደነግጥም፣ ደስ የሚያሰኝም ነገር አላውቅም። ከአንድ ሰው ፊት ተቀምጠን ስለ ክርስቶስ አፋችንን ስንከፍት ቀጥሎ የሚመጣውን አናውቅም። ሰውየው ሊቆጣ፣ ሊስቅብን፣ ሊያለቅስ፣ ወይም ለዓመታት ለማንም ያልነገረውን ጉድ ሊያወጣልን ይችላል። መልሱ በእጃችን አይደለም፤ ጀብዱውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ በሰማርያ ሕዝብ እየተሰበሰበ ሲሰማው ሳለ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው የምድረ በዳ መንገድ እንዲሄድ ታዘዘ። ለምን እንደሚሄድ አልተነገረውም። እዚያ የጠበቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ፣ የህንደኬ ንግሥት ሹም። ይህ መመሪያ የሚያወራው እንዲህ ስላለ፣ አንድ ለአንድ ስለሚደረግ ንግግር ነው። የአደባባይ ስብከት የራሱ ቦታና የራሱ ሥርዓት ስላለው እዚህ አልገባበትም።

1. ስም ጽፎ መጸለይ

«ለጠፉት ነፍሳት» ተብሎ በጅምላ የሚጸለይ ጸሎት ቶሎ ይደበዝዛል። ደብተር አውጡና አምስት ስም ጻፉ። ሩቅ አትሂዱ፤ ከቤተ ዘመድ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከጎረቤት፣ ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ይሁን፤ ዛሬ ደውላችሁ «እንዴት ሰነበትክ?» ብትሉት ግር የማይለው ሰው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከአጋንንት የተፈታው ሰው ከኢየሱስ ጋር በታንኳ ለመሄድ ለምኖ ነበር። ጌታ አልፈቀደለትም፤ «ወደ ቤትህ በቤተ ሰዎችህ ዘንድ ሄደህ ጌታ እንዴት ያለ ታላቅ ነገር እንዳደረገልህ እንዴትም እንደ ማረህ አውራላቸው» አለው። ሰውየው ከቤቱ ጀመረ፤ ወሬው ግን አሥር ከተማ በሚባለው አገር ሁሉ ተሰማ።

ለእያንዳንዱ ስም የሚጸለየው ነገር ቁርጥ ያለ ይሁን። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ እግዚአብሔር የቃሉን ደጅ እንዲከፍት ጸልዩልን አለ። እናንተም እንዲሁ ደጅ እንዲከፈት፣ ቃል እንዲሰጣችሁ፣ ድፍረት እንዲኖራችሁ ለምኑ። ከዚያ ደግሞ የሰውየውን የራሱን ጉዳይ ጨምሩ፤ የልጁን ሕመም፣ የቤት ኪራዩን፣ ያልወጣለትን ፈቃድ። ይህን ሳታውቁ ከቀራችሁ ገና ብዙ አልቀረባችሁትም ማለት ነውና መጀመሪያ ቅረቡት።

ከጻፋችኋቸው ሰዎች መካከል የተጣላችሁት ካለ፣ ወይም ብድሩን ያልመለሳችሁለት ካለ፣ ወንጌሉ ይቆየው። ገንዘቡን መልሱ፤ ይቅርታውንም ጠይቁ። ለዚያ ሰው ከማንኛውም ጥቅስ በፊት መሰማት ያለበት ይሄ ነው።

2. የራስን ታሪክ በሦስት ደቂቃ መናገር መልመድ

ጳውሎስ በንጉሥ አግሪጳ ፊት ሲቆም (የሐዋርያት ሥራ 26) የነገረ መለኮት ትንታኔ አላቀረበም። ቀድሞ ምን እንደነበረ፣ በደማስቆ መንገድ ምን እንደገጠመው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ተናገረ። በዮሐንስ ምዕራፍ 9 ዓይኑ የበራለት ሰው ደግሞ ሊቃውንቱ በጥያቄ ቢያጣድፉት «ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ» ብሎ በያዘው ጸና። ያላየውን አልጨመረም፤ ያየውንም አልካደም።

የእናንተን ታሪክ በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከዚያ ለአንድ ሰው ጮክ ብላችሁ ንገሩት። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አባቴ ካረፈ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሰው እንዳያውቅብኝ ቀን እስቃለሁ፣ ማታ ግን ባዶ ነኝ። አንድ ጓደኛዬ የዮሐንስን ወንጌል አብረን እናንብብ አለኝ። ‹ልባችሁ አይታወክ› የሚለው ጋ ስንደርስ ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። ኢየሱስ ስለ እኔ እንደ ሞተና እንደ ተነሣ አመንኩ፤ በደሌን ነግሬው ይቅር በለኝ አልኩት። ሐዘኔ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም። አሁን ግን ሌሊት ስነቃ የማናግረው አለኝ።»

ይህ ታሪክ ተአምር አይተርክም፤ የሚያስደነግጥ ኃጢአትም የለበትም። ግን እውነት ነው፤ ሰሚውም ከራሱ ሌሊት ጋር ሊያገናኘው ይችላል። ከልጅነታችሁ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ያደጋችሁ «እኔ ምን ታሪክ አለኝ?» ካላችሁ ያለፈውን ወር አስቡ። የተመለሰ ጸሎት፣ ይቅር ያላችሁት ሰው፣ ፈርታችሁ ሳለ ያጽናናችሁ ቃል አይጠፋም። ያለፈ ኃጢአትን ማጋነንና ማስዋብ ግን የለም። ምስክር በፍርድ ቤት ቢያጋንን ምስክርነቱ ሁሉ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ እዚህም አንድ የተጨመረ ነገር ከተገኘ ሌላው አይታመንም።

በጉባኤ ውስጥ ብቻ የምንግባባበትን ቋንቋ ደግሞ አውጡት። «ጌታ ነካኝ»፣ «ሸክም ተሰማኝ»፣ «ነጻ ወጣሁ»፣ «ተመለስኩ» የሚሉት ለእኛ ግልጽ ናቸው፤ ለጎረቤት ግን ወይ አይገቡም፣ ወይ የእኛና የእነሱ አጥር ሆነው ይሰማሉ። የሆነውን ነገር በተራ አማርኛ ተናገሩት።

3. ከሰው ጋር የሚያገናኝ ጊዜ ማግኘት

አገራችን በዚህ የታደለች ናት። ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ማንም ተነሥቶ አይሄድም፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ ወሬው ከገበያ ዋጋ ወጥቶ ወደ ልብ መግባቱ የተለመደ ነው። የለቅሶ ድንኳን አለ፣ የእድር ወረፋ አለ፣ የታመመ ጥየቃ አለ፣ የወለደች አራስ ጥየቃ አለ። በእነዚህ ቦታዎች መገኘት ምስክርነቱ ከመጀመሩ በፊት ያለ ምስክርነት ነው። በለቅሶ ቤት ግን ስብከት አትጀምሩ። እዚያ የሚፈለገው ውኃ መቅዳት፣ ወንበር መደርደር፣ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ነው። ንግግሩ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል ይመጣል፤ ሳልስቱ አልፎ የሚያጽናና ሲጠፋ እናንተ ከሄዳችሁ ደጁ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው።

ሌላው መንገድ እርዳታ መጠየቅ ነው። ኢየሱስ በሲካር ጉድጓድ አጠገብ ሳምራዊቷን ሴት ሲያገኛት የመጀመሪያ ቃሉ «ውኃ አጠጪኝ» የሚል ነበር። ሰጪ ሆኖ አልቀረበም፤ ተቀባይ ሆነ። እኛ ግን ሁልጊዜ የምናውቅ፣ ሁልጊዜ የምንሰጥ ሆነን ስለምንቀርብ ሰው ይሸሸናል። ጎረቤታችሁን ዶሮ ወጡን እንዲያሳዩአችሁ፣ መኪናውን እንዲያዩላችሁ፣ ልጃችሁን ሂሳብ እንዲያስጠኑላችሁ ለምኑ።

የሥራ ሰዓት የአሠሪ ነው። ደንበኛ ቆሞ ሳለ ወይም ሥራ ተቆልሎ ሳለ መስበክ የምታካፍሉትን ስም ያሰድባል። የምሳ እረፍት አለ፤ ከሥራ በኋላ ያለው የታክሲ ሰልፍም ረጅም ነው። ስለ አክሱሙ ፍሬምናጦስ የምናውቀው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከጢሮስ አካባቢ የመጣ ልጅ ነበር፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተማርኮ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። ቤተ መንግሥቱን በታማኝነት አገለገለ፤ ሥልጣን ሲያገኝ ለንግድ የመጡትን የሮም ክርስቲያኖች እየፈለገ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲኖራቸው አደረገ። ወደ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ የተሾመው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ሰው ለዓመታት የታወቀው ሥራውን በሚገባ በመሥራቱ ነበር።

4. መጠየቅና ማዳመጥ

ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሮጠ፤ ሲደርስ ግን አልሰበከም። መጀመሪያ ሰማ፤ ከዚያ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀ። ጃንደረባው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለውና ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። ከዚያም ጃንደረባው ራሱ ጠየቀ፦ ነቢዩ ይህን የሚለው ስለ ማን ነው? ፊልጶስ ወንጌልን የጀመረው ሰውየው ከቆመበት ቃል፣ ከኢሳይያስ 53 ነው።

ስለዚህ በጥያቄ ጀምሩ፤ መልሱን በእውነት ለማወቅ ፈልጋችሁም ጠይቁ። እነዚህ በእኛ ዘንድ ያለ ግርታ የሚጠየቁ ናቸው፦

«ያን ሁሉ ጭንቅ እንዴት ቻልሽው? ማን አበረታሽ?»

«ስትጸልይ እግዚአብሔር የሚሰማህ ይመስልሃል?»

«ልጅ እያለህ ስለ እግዚአብሔር የነገረህ ማን ነው? አሁንስ እንደዚያው ታስባለህ?»

«እግዜር ፊት ብትቆም አንድ ነገር ብትጠይቀው ምን ትለዋለህ?»

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የተቆለፈውን ይከፍታል፤ «ልጄን ለምን ወሰደብኝ?» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ። እንዲህ ሲሆን መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ። ለኢዮብ ወዳጆቹ ያደረጉለት በጎ ነገር ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው መቀመጣቸው ነበር፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ሰውየው ሲናገር አታቋርጡ፤ ስልካችሁን ገልብጡት። የተናገረውን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ «እንዲህ ማለትህ ነው?» በሉት። ታላቃችሁ ከሆነ «እርስዎ» ብላችሁ፣ እጅ ነስታችሁ፣ ተራቸውን ጠብቃችሁ ተናገሩ። አንድ ሽማግሌ እንደ ተማሪ ሊጠየቁ አይገባም፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ አይተዋል፤ እስኪ ይንገሩኝ» ቢባሉ ግን ደስ ብሏቸው ያወራሉ፤ እናንተም ትማራላችሁ።

5. የምሥራቹን ራሱን መናገር

ቡናው ተጠጣ፣ ወዳጅነቱ ጸና፣ ዓመታት አለፉ፤ ግን ስለ ኢየሱስ አንድ ቃል ያልተናገረ ብዙ ሰው አለ። «በሕይወቴ እመሰክራለሁ» ማለት ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጎረቤቴ የእኔን ጨዋነት አይቶ ክርስቶስ እንደ ሞተለትና እንደ ተነሣ ሊገምት አይችልም። መነገር አለበት። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ዋናውን በሁለት ቁጥር ጠቅልሎታል፦ ክርስቶስ መጽሐፍ እንደሚል ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛውም ቀን ተነሣ።

በቤት ቋንቋ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እግዚአብሔር የፈጠረን ከእርሱ ጋር እንድንኖር ነው። እኛ ግን የራሳችንን መንገድ መርጠን ከእርሱ ተለየን፤ መልካም በመሥራት ብቻ ያን ልንጠግነው አልቻልንም። ኢየሱስ የእኛን በደል ተሸክሞ በመስቀል ሞተ፣ ሞትንም አሸንፎ ተነሣ። በንስሐ ወደ እርሱ የሚመለስና የሚያምነው ይቅርታንና አዲስ ሕይወትን ያገኛል።» ይህን በደንብ ያዙት፤ ግን እንደ ተሸመደደ ጥናት አታነብንቡት።

ከዚህ የሚሻለው ደግሞ አብሮ ማንበብ ነው። ሉቃስ 15ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡና «ከሁለቱ ልጆች አንተ የትኛውን ትመስላለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። አባትየው ገና ከሩቅ ሲያየው ሮጦ መሄዱ፣ ታላቁ ልጅ ደጅ ቆሞ አልገባም ማለቱ፣ ለእኛ ሕዝብ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሽማግሌ ገብቶ የሚያስታርቅበት አገር ነው። ሰውየው ከወደደው የማርቆስን ወንጌል በሳምንት አንድ ምዕራፍ አብራችሁ ቀጥሉ፤ 16 ምዕራፍ ስለሆነ አራት ወር ገደማ ይወስዳል። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ እዚህ ላይ ኢየሱስ ማን ሆኖ ታየህ? ያልገባህ ምንድን ነው?

6. የሰውየውን ሃይማኖት አክብሮ መናገር

በኢትዮጵያ የምታናግሩት ሰው ሃይማኖት የሌለው መሆኑ እምብዛም ነው። ወይ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው፣ ወይ ሙስሊም፣ ወይ በወንጌላውያን (በፕሮቴስታንት) ቤት ያደገ ነገር ግን ልቡ የራቀ።

ከኦርቶዶክስ ወዳጅ ጋር ስትነጋገሩ፣ ስለ ክርስቶስ ለሚያውቅ ሰው እየተናገራችሁ እንደሆነ አስቡ። «ክርስቶስን ላስተዋውቅህ» ማለት ስድብ ሆኖ ይሰማዋል፤ ስድብም ነው። የቆመበት ቤት ከአባ ሰላማ ጀምሮ ወንጌልን በግዕዝ ሲያነብ የኖረ ቤት ነው። የእኔ እምነት ግልጽ ነው፤ ዓላማዬ ሰውን ከአጥር ወደ አጥር ማሻገር አይደለም፤ ከሕያው ጌታ ጋር በግሉ እንዲነጋገር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሄድበትን እርሱ ከጌታው ጋር ይወስን። በዚህ የማይስማሙኝ አገልጋዮች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፤ ግን ስለ ጾም፣ ስለ ታቦት፣ ስለ ቅዱሳን ክርክር ከፍቶ ወደ ክርስቶስ የደረሰ ንግግር አላየሁም።

ተግባራዊው ነገር ይህ ነው። ከራሱ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቡ፤ ሰማንያ አሃዱ ካለው እሱን፣ ወይም ሁሉም የሚያውቀውን የ1954 ዓ.ም. ትርጉም። «የእናንተ መጽሐፍ የተለየ ነው» የሚለው ጥርጣሬ ያኔ ይወገዳል። ረቡዕና ዓርብ፣ በ55 ቀኑ ዓቢይ ጾም፣ በፍልሰታም ቤታችሁ ከጠራችሁት ሽሮና የጾም ምግብ አቅርቡ፤ እናንተም አብራችሁ እርሱን ብሉ። ስለ ድንግል ማርያም ከጠየቃችሁ፣ በሉቃስ 1 «ትውልድ ሁሉ ብፅዕት ይሉኛል» ያለችውን በደስታ አንብቡ፤ እኛም ብፅዕት ነው የምንላት። ስሟን የሚያቃልል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ።

ሙስሊም ወዳጅ ሲሆን ሥጋ ነገር ላይ ተጠንቀቁ፤ በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ ቡና ይበቃል። መጽሐፍ ቅዱሱን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ቅዱስ መጽሐፍ እንደዚያ ሲያዝ ማየት ይከብደዋል። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት መነጋገር የተሻለ ነው። ነቢዩን የሚነካ ቃል በፍጹም አትናገሩ። በቁርኣን ኢሳ የመርየም ልጅ፣ አል-መሲሕ ተብሎ መጠራቱን እርሱ ያውቃል፤ «ስለ ኢሳ ምን ተምረሃል?» ብላችሁ ስሙት፤ ከዚያ «በኢንጂል የተጻፈውን ላንብብልህ?» ብላችሁ ፈቃዱን ጠይቁ። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ አክሱም ሲመጡ ክርስቲያኑ ንጉሥ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ያ ደግነት እስከ ዛሬ በሙስሊሞች ዘንድ ይነገራል። ከዚያ ባነሰ አክብሮት መቅረብ አይገባንም።

በወንጌላውያን ቤት አድጎ የራቀው ወጣት ብዙ ጊዜ ያዘነው በሰው ነው፤ በገንዘብ ልመና፣ ባልተፈጸመ ትንቢት፣ ባዋረደው አገልጋይ። አትከላከሉ። የተበደለውን ስሙ፤ በደል የሆነውን በደል ነው በሉት። ከዚያ ወንጌሉን እንደ አዲስ አንብቡለት።

በቲክቶክና በቴሌግራም ያለውን የሃይማኖት ሙግት እኔ አልመክርም። ተመልካች ፊት ማንም «ተሳስቻለሁ» አይልም። በግል የተላከ የድምፅ መልእክት፣ ስሙን ጠርታችሁ «ዛሬ ስጸልይ አሰብኩህ» የሚል፣ ከመቶ ሙግት ይበልጣል።

7. የማይታለፉ ወሰኖች

ለወንጌል ብላችሁ ሰውን በጥቅም አትግዙ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዘይት፣ ሥራ፣ የውጭ አገር ዕድል ከእምነት ጋር ከተያያዘ የሚገኘው ክርስቲያን ሳይሆን ተመጽዋች ነው። የምትረዱ ከሆነ አምኖም ሳያምንም እርዱ፤ እርዳታውና ንግግሩ በሰዓትም በቦታም ይለያዩ። የሌላ ሰው ልጅ ከሆነ ወላጅ ሳያውቅ አትስበኩት። ሆስፒታል ውስጥ ከአልጋው ተነሥቶ መሄድ የማይችል በሽተኛ ላይ አትጫኑት፤ «ልጸልይልህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ እጁን ጨብጣችሁ ውጡ። መድኃኒቱን እንዲያቆም ማንም አይምከር። የሰው ምስክርነትና እንባ ሳይፈቅድ በስልክ አይቀረጽ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ የማምለክና የማስተማር ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል፤ እምነትን በኃይል ወይም በማስገደድ መገደብንና መከልከልንም ያግዳል። መብቱ የእናንተ የሆነውን ያህል የሰሚውም ነው፤ «በቃኝ» ካለ በቃው።

በዓረብ አገር ላላችሁ እህቶችና ወንድሞች ነገሩ ሌላ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሙስሊም ስለ ሌላ ሃይማኖት መስበክ ሊያሳስርና ሊያስባርር ይችላል፤ በሰው ቤት ተቀጥራ ያለች ልጅ ደግሞ ኑሮዋ በአሠሪዋ እጅ ነው። ማዳምን ለመስበክ መቸኮል ግዴታችሁ አይደለም። ንዕማን የሶርያው ሹም ወደ ኤልሳዕ የሄደው ተማርካ ቤቱ የምታገለግል አንዲት ትንሽ ልጅ ለእመቤቷ ከተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር የተነሣ ነው (2ኛ ነገሥት 5)፤ ያቺ ልጅ የሰበከችው በጭንቀታቸው ሰዓት ነበር። ከጠየቋችሁ በየዋህነት መልሱ። ከዚያ ውጪ ብቻዋን የምታለቅስ የአገራችሁ ልጅ አጠገባችሁ ባለው ሕንፃ አለች፤ በስልክ አብራችሁ ጸልዩ፤ አንድ መዝሙር አንብቡላት።

8. እምቢታ ሲመጣ

ይመጣል። ሳቅ፣ ዝምታ፣ «እኔ የአባቴን ሃይማኖት አልቀይርም»፣ አንዳንዴም ቁጣ። የመጀመሪያው ሕግ ወዳጅነቱን አለመቁረጥ ነው። እምቢ ካላችሁ ሰው ጋር በሚቀጥለው ሳምንት ቡና ጠጡ፤ ልጁ ሲታመም ሂዱ። የወንጌል ነገር ካልተነሣ አታንሱት። ስሙ ግን ከደብተሩ አይፋቅ።

ትዕግሥትን ከኦነሲሞስ ነሲብ እንማር። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ እዚያው አካባቢ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ፤ በ1872 እ.ኤ.አ. ተጠመቀ። ወደ ወገኖቹ ወደ ኦሮሞ ምድር ወንጌልን ይዞ ለመግባት ተነሣ፤ በሱዳን በኩል የተደረገው ጉዞ ግን ሳይሳካ ተመለሰ። ወለጋ የደረሰው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ተቀምጦ አላለቀሰም፤ እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ በ1899 እ.ኤ.አ. ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። ሲገባ የገባው መጽሐፉን ይዞ ነው። እናንተም ደጁ ሲዘጋ የምትሠሩት አይጠፋም፤ የማታውቁትን አጥኑ፣ ያላነበባችሁትን አንብቡ፣ ያልመለሳችሁትን ጥያቄ መልሱን ፈልጋችሁ ቆዩት።

ወላይታንም አስቡ። ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ በ1937 እ.ኤ.አ. የውጭ ሚሲዮናውያን ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። ያላቸው ነገር ጎረቤት ለጎረቤት መናገርና ለታሰሩት ስንቅ ተሸክሞ መሄድ ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት አማኝ እስከ 10,000 የሚገመት ነበር።

9. «አምናለሁ» ሲል

በዚህ ጊዜ ደስታ ያቸኩላል፤ እናንተ ረጋ በሉ። ምን እንደገባው በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ከዚያ የጸሎት ቃል አታስደግሙት፤ «ለጌታ ልትለው የምትፈልገውን አንተው በለው» በሉትና አብራችሁ ተንበርከኩ። የተሰባበረ ቢሆንም የራሱ ጸሎት ይሁን።

በሁለት ቀን ውስጥ መልሳችሁ አግኙት፤ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚመጣው ያኔ ነው። ማርቆስን ጀምራችሁ ከሆነ ቀጥሉ፤ ካልሆነ ከምዕራፍ 1 ጀምሩ። ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ አማኞችን ቤታችሁ ጠርታችሁ አስተዋውቁት፤ ትልቅ ጉባኤ ከመውሰዳችሁ በፊት ስሙን የሚያውቁ ሰዎች ይኑሩት። ስለ ቤተሰቡ በግልጽ ተነጋገሩ። በሚቀጥለው ቀን ገብቶ «እናንተ ተሳስታችኋል» እንዳይላቸው ምከሩት፤ እናቱን ከቀድሞው ይበልጥ ያክብር፣ ወጪውን ይካፈል፣ ሲጠይቁት ብቻ በጸጥታ ይንገራቸው። ከቤት የሚያስወጡት ከሆነ የሚያድርበት ቦታ ቀድማችሁ ከቤተ ክርስቲያን ጋር አስቡበት፤ ይህን ሳያዘጋጁ ሰውን ወደ እሳት መግፋት ፍቅር አይደለም።

ጥምቀቱን ከመጋቢው ወይም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመካክራችሁ፣ ትምህርቱን በደንብ ተምሮ፣ ቀኑን እርሱ ሲመርጥ ይሁን። ከቤተሰቡ የሚመጣ ካለ ጋብዙ፤ ለእነሱ የሚሆን ወንበርና የሚበሉት ምግብ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። የራሱን አምስት ስም የሚጽፍበትን ደብተርም ያን ሳምንት ስጡት።